ከፊት መስመር የተነሱት

ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሐኪሞቹ የወንድሜ እግር ካልተቆረጠ እግሩ ላይ የወጣው ካንሰር ወደ ሳንባው እንደሚዛመት ነገሩን። ከአገር ቤት፣ ከአምበር የመጣው አባቴ ግን «መጀመሪያ ጠበል! ልጄን በቁሙ አላስቆርጥም» ብሎ እንቢ አለ። ወንድሜም ያለ አባቴ ፈቃድ አልፈርምም አለ።

ወንድሜ አልጋው ላይ ሆኖ በስልኩ የአሜሪካ ፉትቦል ያያል። አንድ ቀን አባቴ «ይሄ ግፊያ ምኑ ደስ ይላል?» ሲለው፣ ጋቢው ላይ ሽምብራ ቆሎ ደርድሮ የተከላካዮቹን አሰላለፍ ያስረዳው ጀመር።

«ድሮ አጥቂዎቹ ኳሷን ታቅፈው ስለሚሮጡ፣ ተከላካዩ በብዛት ፊት ለፊት ይኮለኮል ነበር። በኋላ በሰው አናት አሻግረው መወርወር ለመዱ። ያኔ ተከላካዮቹ ከፊት መስመር ሰው እየቀነሱ ወደ ኋላ መለሱ።»

«ፊቱንስ ለማን ትተው?»

«ይለቁታል አባባ። ሁሉንም እንዳያጡ ትንሽ መሬት ያስወስዳሉ።»

«ፈሪዎች ናቸው በለኛ!» ብሎ አባቴ ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ።

ከዚያ አባቴ ቆሎውን ብዙ ካየ በኋላ ዓይኑን ሳያነሳ ጠየቀ።

«የሚቆርጡት ከጉልበት በላይ ነው በታች?»

«በላይ ነው» አለ ወንድሜ።

አባቴ ጋቢውን ገልጦ ያበጠውን እግር በሁለት እጁ ያዘው። ነርሷ የሚፈረመውን ወረቀት ይዛ እስክትመጣ ድረስ አልለቀቀውም።