ደም ያልለያቸው መንትዮች

ሶፋ ሰሪው አንድ ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ የነበረውን የደንበኛ ሶፋ ሁሉ ፈታ። ጨርቁን ገፈፈ፣ ስፖንጁን አውጥቶ በር ላይ ቆለለ። «እንደ አዲስ እሠራቸዋለሁ፤ ንጉሥ ነው የሚቀመጥባቸው» አለ። እንቅልፍ በዓይኑ ከዞረ ሰንብቷል። ሳምንት ሳይሞላ ግን ከፈታቸው ሶፋዎች በአንዱ ባዶ ስፕሪንግ ላይ ተጋደመና አልነሳም አለ። ደንበኞች ሊወስዱ መጥተው የሶፋቸውን አጽም ብቻ አገኙ።

ሱቁ ከአባታቸው የተረፈ፣ የእሱና የመንታ ወንድሙ ነው። መልካቸው ቁርጥ አንድ ነው። እናታቸው አንዱን ሁለቴ አጥብታ ሌላውን እንዳታስርብ በአንደኛው እጅ ላይ ክር ታስር ነበር።

«ሲያሻህ ጥጋብ፣ ሲያሻህ ኩርፊያ!» አለ ወንድሙ። የሱቁን ቁልፍ ተቀበለው።

ሐኪም ቤት ባይፖላር ነው አሉት፤ ስሜትን ሰማይ አውጥቶ መሬት የሚጥል ሕመም። መድኃኒቱ አረጋጋው፤ እጁን ግን ያንቀጠቅጠዋል። ክር በመርፌ ለማስገባት ምራቁን ይጨርሳል። በየጊዜው ደሙ ይቀዳል፤ የሚለኩት ግን መድኃኒቱን እንጂ ሕመሙን አይደለም።

«ስም ማውጣትማ ማን ያቅተዋል?» አለ ወንድሙ። «ስኳር እንኳ በደም ይታወቃል። ያንተስ የታል? እጅህን እየው፣ የዕብድ እጅ!»

በኋላ አንዲት ተመራማሪ ሐኪም የሕመሙን ምልክት ደም ውስጥ ካሉ ሞለኪውሎች ለማግኘት ጥናት ጀመረች። ጤነኛ መንታ እንዳለው ስትሰማ፣ «እባክህ አምጣልን» አለችው።

ወንድሙ ብዙ ከተለመነ በኋላ እሺ አለ። «ደማችን ከተለየ በሽታ ነው ብዬ አምናለሁ። ቁልፍህንም እመልሳለሁ።»

እጅጌውን ሰብስቦ ከደም ቀጂዋ ጋር ቀለደ። «አደራ እህቴ፣ እንዳታምታቺው። ንጹሑ የኔ ነው።»

ወራት አልፈው ሐኪሟ ሁለቱንም ጠራቻቸው።

«ጥናቱ ገና ነው» አለች። «የብዙ ሰው ደም ስናነጻጽር ልዩነት ይታያል። እናንተን ግን መለየት አልቻልንም። የምንፈልጋቸው ምልክቶች በሁለታችሁም ደም አሉ።»

ወንድሙ ከወንበሩ ተነሣ። «እኔም ታምሜያለሁ?»

«አልታመሙም። ደም ብቻውን አይናገርም ማለቴ ነው። ወንድምዎ መታመኑን ያወቅነው ከታሪኩ ነው፤ እሱም ይበቃል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የሰማት ሶፋ ሰሪው ብቻ ነው።

«ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» አለው ወንድሙ መንገድ ላይ። «ለሚስቴማ በጭራሽ።»

«ቁልፉስ?»

«የምን ቁልፍ? ያበደስ ማሽናቸው ነው!»

በማግስቱ ሶፋ ሰሪው ወደ ሱቁ ሄደ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። በመስኮቱ አየ፤ ወንድሙ ያልተሸፈነ ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ ቀኝ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ጣቶቹን አፍጥጦ ያያል። ይንቀጠቀጡ እንደሆነ ይጠብቃል።

የሚያንቀጠቅጠው መድኃኒቱ እንጂ ሕመሙ እንዳልሆነ ሶፋ ሰሪው ያውቃል። አንኳኩቶ ሊነግረው ይችል ነበር።

አላንኳኳም።