ከካፖርት የተቋጠረ ነጠላ

ጣሊያን ከተማዋን በያዘ በዓመቱ አጎቴ ሕግ ላስተምርሽ ብለው ተነሱ። እኔ የሃያ ዓመት ፈት ነበርኩ፤ እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን በየችሎቱ ሲሟገቱ የኖሩ ጠበቃ። ችሎቱ ሲዘጋ ቤት ዋሉ፤ ጨጓራቸውም ታሞ ከወተት በቀር የሚቀበለው ነገር ጠፋ። ቂርቆስ ካለው ቤታችን ደጅ ፀሐይ እየሞቁ፣ "እነዚህስ አንድ ቀን ይሄዳሉ፤ ዳኝነቱን ግን ሰው ከረሳው ማን ይመልሰዋል?" ይሉኛል።

"ለሴት ምን ያደርግላታል?" ያለ ጎረቤት አልጠፋም። ኤዲያ! እኔ እንደሆንኩ ባሌን ስፈታ ራሴ ተሟግቼ፣ ረትቼ የወጣሁ ነኝ።

ትምህርቱ ሌላ አልነበረም። በሕግ አምላክ ከተባለ እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል። ከዚያ የከሳሽና የተከሳሽ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠርና ዳኛ እስኪገኝ አብረው ይሄዳሉ፤ ይህ ቁራኛ ነው። ቋጠሮውን የሚፈታው ዳኛ ብቻ ነው። ዳኛ ከሌለስ? "መንገደኛ ሞልቷል፤ 'ዳኘኝ' ያልሽው ሰው ዳኛሽ ነው" ይላሉ። ይህንኑ እስኪሰለቸኝ ያስደጋግሙኛል። እኔም በልቤ፣ አገሩ ከተያዘ ወዲያ ይሄ ሁሉ ምን ሊረባ እል ነበር።

አንድ ጠዋት ከገበያ ስመለስ ላማችን የለችም። ለጣሊያን የሚያስተረጉም ጎረቤት ነበረን፤ እሱ ነው የወሰዳት። ኋላ ካዛንቺስ በተባለው ሜዳ፣ ጣሊያን ለሠራተኞቹ ቤት ሊሠራ ካጠረው ቦታ ሣር በልታለች ብሎ ወደ ማረጃ እየነዳት ነው። አጎቴ ከመደባቸው ሆነው "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች" አሉ። ስለ ወተቱ ትንፍሽ አላሉም። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ላሟ ከታረደች እሳቸውም አይከርሙም።

ሮጥኩ። ወደ ለገሃር በሚወስደው መንገድ ደረስኩበትና ባለ በሌለ ድምፄ "በሕግ አምላክ!" አልኩ።

ቀጥ አለ። ሳያስበው ነው የቆመው፤ መቆሙን ሲያውቅ ተናደደ።

"የምን ሕግ? የድሮው ቀረ እኮ!"

"ከቀረ ለምን ቆምክ?" አልኩት።

ልቋጥረው ነጠላዬን ስስብ፣ ለካ የለበሰው የጣሊያን ካፖርት ነው! አጎቴ ስለ ካፖርት አላስተማሩኝም። ንድድ አለኝና የነጠላዬን ጫፍ በቁልፉ ቀዳዳ አስገብቼ ቋጠርኩት። ሰው ሳቀ። እሱ ላብ አጠመቀው እንጂ እጁን ወደ ቋጠሮው አልሰደደም።

ከሰል የጫነች አህያ የሚነዱ ሽማግሌ ሲያልፉ "አባቴ፣ ይዳኙን" አልኳቸው። አህያቸውን አቁመው፣ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሁለታችንንም አስጨርሰው ሰሙ።

"ሣሩን ስትበላ አይተሃል?"

"ተነግሮኝ ነው።"

"ሣሩ ያንተ ነው?"

"የጣሊያን ነው።"

"እንግዲያው ባለ ሣሩ ይክሰስ እንጂ አንተን ምን አገባህ?"

ይህን ሲሉ ጠመንጃ የያዘ የጣሊያን ወታደር ሰዉን ጥሶ ገባ። ሽማግሌው ከድንጋያቸው አልተነሡም። ወታደሩ በቋንቋው ጎረቤቴን ጠየቀው። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ሁላችንም እስር ቤት ነን። ጎረቤቴ ወደ ቋጠሮው አየ፤ ወደ ሽማግሌው አየ፤ የሆነ ነገር መለሰለት። ወታደሩ ትከሻውን ሰብቆ ሄደ።

"ምን አልከው?" አሉት ሽማግሌው።

"የገዛ ጉዳዬ ነው፣ ልጨርስ አልኩት።"

"ላሟ ወደ ቤቷ ትመለስ" ብለው ፈረዱና በከሰል በጠቆረ ጣታቸው ቋጠሮውን ፈቱት።

አጎቴ ላሟ ስትገባ ቀና አላሉም፤ እኔን ነው ያዩት።

"ቋጠሮውን ማን ፈታው? እሱ በጥሶት ሄደ?"

"ኧረ ዳኛው ናቸው የፈቱት፤ የጣሊያን ወታደር እንኳ መጥቶ ነበር።"

"ወታደሩ እያለ፣ ያ ባንዳ ዳኛ እስኪፈታው ቆመ?"

"ቆመ፣ ጋሼ።"

ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

"እንግዲያው ገና አልተያዝንም" አሉ። "በይ፣ ወተቴን አምጪልኝ።"