የምሕረትአብ ማክና የአዲስዓለም ድምፅ

ምሕረትአብ ደብረ ታቦር ላይ ቪዲዮ ቤት ከከፈተበት ቀን ጀምሮ አፉ የማይጠግባት አንዲት አባባል ነበረችው፤ «እኔ በዊንዶውስ አልሠራም»። ሰው በልጁ፣ በቤቱ ይኮራል፤ እሱ የሚኮራው በማኩ፣ አፕል በሚሠራው ውድ ኮምፒውተር ነው። ማክ ስላችሁ ታዲያ እውነተኛ ማክ እንዳይመስላችሁ። ከቢሮ በተጣለ አሮጌ ዴስክቶፕ ቀፎ ውስጥ ከባሕር ዳር ያመጣውን ቦርድና ሚሞሪ ገጣጥሞ፣ የማክ ሶፍትዌር በግድ የጫነበት ሃኪንቶሽ የሚሉት ጉድ ነው። ጎኑ ላይ ግን የማክ ምልክት የሆነችውን የተገመጠች ፖም ለጥፎበታል። ለአንድም ደንበኛ እውነቱን ተናግሮ አያውቅም።

እንዲህ ያለው ማሽን በዩኤስቢ በኩል አመለኛ ነው። ሶፍትዌሩ ከአሥራ አምስት ፖርት፣ ማለትም ከአሥራ አምስት የመሰኪያ ቀዳዳ በላይ አይቆጥርም፤ ፈጣኗ ሰማያዊ ፖርት ደግሞ እንደ ሁለት ትቆጠራለች። ስለዚህ ባለቤቱ ፍላሽ ይዞ በየፖርቱ እየሰካ፣ የሚሠራውን በደብተር እየጻፈ፣ የማያስፈልገውን አስወጥቶ ዝርዝሩን ለማሽኑ መስጠት አለበት። ምሕረትአብም መጀመሪያ ላይ ይህን አሳምሮ ሠርቶት ነበር። በ2010 ሶፍትዌሩን ሲያድሰው ግን ዝርዝሩ ተበላሸና ከኋላ፣ ከታች ካለችው አንዲት ፖርት በቀር ሁሉም ድርግም አሉ። ደግነቱ ኪቦርዱና ማውሱ በድሮው ክብ መሰኪያ ነበር የሚሠሩት።

ማስተካከሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። «ነገ እሠራዋለሁ» እያለ ሁለት ወር አለፈው። እስከዚያው በዚያች ፖርት ላይ ረጅም ማራዘሚያ ሰክቶ፣ ገመዱን በወንበሩ ሥር አሳልፎ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ካስቀመጠው የቪዲዮ ማከማቻ ሃርድ ዲስክ ጋር አገናኘው። ጎረቤቱ ሙሉቀን፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው፣ «ምናለ ዲስኩን በእኔ ላፕቶፕ ብትገለብጠው?» ቢለው ከት ብሎ ሳቀበት። ድንቄም ማክ!

በዚህ መሀል አያ ፈንታሁን መጡ። ከጉና ሥር የመጡ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው አዲስዓለም ሐምሌ ላይ ስትመረቅ ቪዲዮዋን ያነሳው ምሕረትአብ ነበር። ፎቶዋን ወስዳ ቪዲዮውን «በኋላ እወስዳለሁ» እንዳለች በአጭር ሕመም ሞተች። አርባዋ ለእሑድ ነው።

«ፎቶው ለእኔ ይበቃኛል» አሉት ሽማግሌው። «እናቷ እቴነሽ ግን ዓይኗ ከጠፋ ሦስት ዓመቷ፤ በምኗ ትየው? ቪዲዮው ላይ መርቃናለች አሉ፣ ማይኩን ይዛ። እስቲ ድምጧን አሰማልኝ።»

ምሕረትአብ ክፉ ሰው አይደለም። «ሐሙስ ይምጡ፣ በፍላሽ አድርጌ እሰጥዎታለሁ» አላቸው። የካሜራውን ካርድ ለሠርግ ቀረጻ ብሎ አጥፍቶታል፤ ቪዲዮው ያለው በዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ዲስኩን ከፍቶ፣ የምትሠራው ፖርት አንዲት ብቻ ናትና፣ ፋይሉን መጀመሪያ ወደ ማሽኑ መገልበጥ ጀመረ። ግማሽ እንኳ ሳይደርስ አያ ፈንታሁን በር ላይ ብቅ አሉ፤ ጎንበስ ብለው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው። ለሽማግሌ ተቀምጦ ሰላምታ መስጠት ያሳዳጊ የበደለው ሥራ ነው። ምሕረትአብ ደግሞ በደንብ ያደገ ልጅ ነው። ከወንበሩ ብድግ አለና፣

«ኖር! አያ ፈንታሁን፣ ኖር!»

«በእግዜር! ቁጭ በል ልጄ፣ በሞቴ!»

ገመዱ እግሩ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ዲስኩ ከነገመዱ ተስቦ ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ። አንስቶ ቢሰካው ቀጭ ቀጭ ይላል እንጂ አይከፈትም። ነቀለው፣ ሰካው፣ ወደ ጆሮው አስጠጋው። ግማሽ የተገለበጠውንም ፋይል ሞከረ፤ እምቢ አለ። ሙሉቀን ጋ ሮጦ በላፕቶፑ አስሞከረ፤ ያው ቀጭ ቀጭ ነው። ተመልሶ ሲመጣ ሽማግሌው እዚያው እንደቆሙ ነበሩ።

«ምን ሆነ ልጄ?»

«ተሰበረ አያ። ቪዲዮው ጠፋ።»

«ሌላ የለም?»

«የለም።»

አያ ፈንታሁን ወለሉን አዩ፤ ገመዱን አዩ፤ ወንበሩን አዩ።

«ለእኔ ስትነሳ ነው አይደል? እኔ ባልገባ ኖሮ ትተርፍ ነበር በለኛ።»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ሁለት ወር ሙሉ ችላ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማሽኑም ማክ አይደለም፤ ላፕቶፕ ተሰጥቶኝ የናቅሁ እኔ ነኝ ማለት። የተለጠፈችውን ፖም አየና አፈረ፤ አፍሮም ቃሉን ዋጠው። በአዎንታ ራሱን ላይ ታች ነቀነቀ።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አጠለቁ። ከሐዘን ቀን ይልቅ አሁን ያረጁ መሰሉ።

«በል ግድ የለም። ለእቴነሽ ቪዲዮውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ እላታለሁ» አሉ። «የልጇ ነገር አይሆንላትም፤ አንተን እንዳትረግምህ።»

ምሕረትአብም ከወገቡ ዝቅ ብሎ፣ «እግዜር ይስጥልኝ አያ» አላቸው።