ከኾሩ የወጣው ጥርስ

ከጎንደር የተነሣሁት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም መተማ የወረደ ሞላ የሚባል የቀን ሠራተኛ ትልቅ ጥርስ ማግኘቱን እዚያው የሚያስተምር ወዳጄ ነግሮኝ፣ ፎቶውንም ልኮልኝ ነበር። የሥነ ሕይወት መምህር ነኝና ምንነቱን እንድለይ ተጠራሁ። እውነቱን ለመናገር ግን አታላይ የጠረበው ድንጋይ ነው ብዬ ነው የሄድኩት።

አይከልን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሹራቤን አወለቅሁ። ሸሕዲ ላይ መኪና ቀይሬ መተማ የገባሁት ስምንት ሰዓት ሲሆን ነው። ወዳጄ ፉል ቤት ውስጥ ከሞላ ጋር አገናኝቶኝ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ሞላ ጥርሱን በፎጣ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ሸጉጦታል። እጄን ስዘረጋ ሸሸኝ።

«መጀመሪያ መታወቂያዎን ያሳዩኝ።»

አሳየሁት። ፎቶውን ከፊቴ ጋር አስተያየና ጥርሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ አንድ እጁን ግን ከላዩ አላነሣም።

«የት አገኘኸው?»

«ከኾሩ ነው» አለኝ፤ ክረምት ብቻ የሚሞላውን ወንዝ እዚያ ኾር ይሉታል። «ውሃ ልቀዳ ስወርድ ዳርቻው ተንዶ አፈሩ ውስጥ ተሰክቶ አየሁት።»

«ሌላ ሰው ነበር?»

«ፖሊስ ነዎት እንዴ?»

አጉሊ መነጽሬን አወጣሁ። ርዝመቱ የጫማ ያህል፣ ክብደቱ የድንጋይ ነው። የማኘኪያው ገጽ ላይ ሸንተረሮች በአግድም ተደርድረዋል፤ በማኘክ ብዛትም ወደ አንድ ወገን ተበልተዋል። ጥፍሬን ደጋግሜ አስሄድኩበት። እንዲህ ያለ መበላት በሞረድ አይሠራም።

«የዝሆን የመንጋጋ ጥርስ ነው፤ ድንጋይ እስኪሆን የቆየ» አልኩት፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማን ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«የዝሆን ጥርስ! ታዲያ ለምን ድምፅዎን ዝቅ አደረጉ?»

«ውድ የሚባለው ከአፉ ወጣ ብሎ የሚታየው ነው። ይኸኛው የሚያኝክበት ነው፤ ገበያ የለውም። ሸሕዲ ለባህል ጽሕፈት ቤት እናስረክበው።»

«ወይስ ጎንደር ወስደው ሊሸጡት?»

«እንግዲያው አንተው ይዘኸው አብረን እንሂድ።»

በማግስቱ ጠዋት ተሳፈርን። ኬላው ላይ ለፍተሻ ስንወርድ ፈታሹ ፎጣውን ነካ አድርጎ «ምንድን ነው?» አለ።

ሞላ ቀደመኝ፤ «የዝሆን ጥርስ።»

ወዲያው ከሰልፉ ለይተው አቆሙን። ተሳፋሪው እንደ በሽተኛ ራቀን። ላስረዳ አፌን ስከፍት ፈታሹ «እርስዎ ይቆዩ፤ እሱ ይናገር። የማን ነው?» አለ።

ሞላ ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝ። የእሳቸው ነው ብሎ ሊገላገል ነው ብዬ አሰብኩ።

«ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለ። «እሳቸው መምህር ናቸው፤ ለመንግሥት እንዳስረክብ እየወሰዱኝ ነው። ጥፋት ካለው የእኔ ነው።»

ፈታሹ ጥርሱን አንሥቶ መዘነው፣ በቁልፍም ጫር ጫር አደረገው። ሸሕዲ ወደ ባህል ጽሕፈት ቤቱ ደውሎ ካጣራ በኋላ ለቀቀን። ጽሕፈት ቤቱ ጥርሱን ተረክቦ በሞላ ስም ደረሰኝ ሰጠው፤ ሁለት ጊዜ አንብቦ ኪሱ ከተተው።

ቤቴ ስገባ ባለቤቴ የጥርሱን ዕድሜ ጠየቀችኝ። ዕድሜውን አላወቅሁም። የነገርኳት ስለ ሞላ ነው፤ ሳላየው አታላይ ያልኩት ሰው፣ እሱም ሌባ ናቸው ብሎ የጠረጠረኝ፣ ኬላው ላይ ግን እኔን ከስሶ መዳን ሲችል ያላደረገው።