የደሞዜ ሽጉጥ

የግራናው ገበሬ ደሞዜ በመስኖ ውኃ ተራ ከጎረቤቱ ከሰይፈዲን ጋር ከተጣላ ወዲህ ሽጉጥ ከወገቡ ተለይቶት አያውቅም። በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርቦበት ይወጣል። ሰው ሲያገኝ የሚያየው ፊቱን ሳይሆን እጁን ነው። ልጆቹ እንኳ ከኋላው መምጣት ይፈራሉ። ሚስቱ ታንጉት በዚህ ነገር አንጀቷ አርሯል። ሁለት ወር ሙሉ ደጅ ጠንታ ሽማግሌ ያሰባሰበችውም እሷ ናት።

በዕርቁ ቀን፣ እንደ ደንቡ፣ ብረት የያዘ ሁሉ ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ዋርካ ማዶ አስቀምጦ መጣ። ደሞዜ ግን ዱላውን ብቻ አኖረ። የሽማግሌዎቹን አንጋፋ የሼህ ዑመርን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ሽጉጡ ከወገቡ ሾልኮ እግራቸው ሥር ዱብ አለ።

ሰይፈዲን ብድግ አለ። «ይኸው! ሊታረቀኝ ነው ሊቀብረኝ የመጣው?»

«ራሴን ልጠብቅበት ነው» አለ ደሞዜ።

ታንጉት ከሴቶቹ መሃል ወጣች። «ከማን ነው ራስህን የምትጠብቀው? ከእኒህ ሽማግሌ? ይኼ ብረት እኛን አስፈራን እንጂ አንተን መቼ እንቅልፍ ሰጠህ!» ሽጉጡን በነጠላዋ ጫፍ አንስታ ለሼሁ ዘረጋችላቸው። «አባቴ፣ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ። ዛሬ ይዞት ከተመለሰ እኔ ያን ቤት አልገባም።»

ደሞዜ ባዶ ወገቡን ዳበሰ።

«ይያዙት» አለ በንዴት፣ ማንንም ሳያይ።

ሰይፈዲን ተመልሶ ተቀመጠ፤ ጀርባውን ግን ለደሞዜ አልሰጠም።