ዳማን የመታሁ ቀን

ኮልፌ ውስጥ ከአንድ ኮርቻ ሰፊ ሱቅ የወጣ የቆዳ ሽታ አስቆመኝ።

በአሥራ አንድ ዓመቴ አባቴ አስኮ ሜዳ ላይ፣ በፈረሴ በዳማ ክብ እየዞርኩ ሶምሶማ ያለማምደኝ ነበር። አንድ ቀን የሰፈር ልጆች ሊያዩን መጡ። ደንግጬ ልጓሙን ሳብኩትና ዳማ ቆመ። ልጆቹ ሲስቁ ወርጄ፣ "እምቢተኛ" ብዬ ፊቱን በአለንጋ መታሁት።

አባቴ አለንጋውን ተቀብሎኝ፣ "እሱ የታዘዘውን ነው ያደረገው" አለኝ። እኔ ምንም ያዘዝኩት ስላልመሰለኝ ነገሩ አልገባኝም።

ማታ ግን ልጓሙን መሳቤ ራሱ "ቁም" ማለት እንደነበር ገባኝ። በማግስቱ ልጆቹ ፊት እየፈራሁም ልጓሙን ላላ አድርጌ ያዝኩት፤ ዳማም ሳይቆም ዞረ። ተጨበጨበልኝ። ወርጄ ግንባሩን ላሻሸው እጄን ስዘረጋ ግን ፊቱን አሸሸ።

ኮርቻ ሰፊው፣ "ፈረስ አለሽ እንዴ እህቴ?" ሲለኝ፣ "ነበረኝ" ማለት አፍሬ መንገዴን ቀጠልኩ።