የሰይድን ባርኔጣ ያወቀው ቁራ

ዛሬ ቁራው ወረደ! ሦስት ወር ሙሉ ከጣሪያ ላይ ሲያየኝ የከረመው ቁራ አጠገቤ መጥቶ ቂጣ በላ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ባለቤቴ ሰይድ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ጠዋት ጠዋት የሰሌን ባርኔጣውን ደፍቶ ወደ እርሻ ከመውጣቱ በፊት ለዚህ ቁራ ደረቅ ቂጣ ይቆርስለት ነበር። ቁራው ደግሞ ቂጣውን ከዶሮዎቹ ውሃ ነክሮ፣ አለስልሶ ነው የሚበላው። ከስንቱ ሰው ይሻላል!

ሰይድ ከሞተ ወዲህ እኔ ብቆርስለት አልነካም አለ። ይሄም ከሄደ የሰይድ ነገር በቃ ቀረ እያልኩ በየቀኑ አስቀምጥለታለሁ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ደንዝዟል። እንባ እንኳ እምቢ ብሎኛል።

ዛሬ የማሽላ ስጥ ስጠብቅ የቆቦ ፀሐይ አናቴን ሲበሳኝ የሰይድን ባርኔጣ አነሳሁና ደፋሁ።

ቁራው አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየኝ። ከዚያ ዱብ! ቂጣውን ከእግሬ ሥር አንስቶ በቀጥታ ወደ ውሃው።

የቁራ መልእክተኛ ሄዶ ይቀራል ይባላል፤ የኔው ግን ተመለሰ።

ድርቅ ብዬ ሳየው ጎረቤቴ ዘሃራ በአጥር ብቅ አለች። "አንቺ! ቁራ ስታስተናግጂ ስጡን ዶሮ ጨረሰው እኮ!"

"ተያቸው፣ ዛሬ የሰይድ እንግዳ መጥቷል" ብያት ሳቅሁ።

"እየሳቅሽ ነው ወይስ እያለቀስሽ ነው?" አለችኝ።

ፊቴን ብዳብሰው ርሷል።

እናንተ ዘንድስ የሄደባችሁን ሰው ያልረሳ ወፍ ወይም ከብት አለ? እስቲ ጻፉልኝ። እኔ ባርኔጣውን እስካሁን አላወለቅሁም።